ስለ አንጎል ደም ሥሮች መጥበብና ስለ ድንገተኛ የአንጎል ምት

የንጽሕና ትምህርት ሲባል እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ውሃን አፍልቶ መጠጣት፣ ቆሻሻን ከደጃፍ ማራቅ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ይህ ሁሉ ተገቢ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ከዓይናችን የተሰወሩት የአካላችን የውስጥ ቧንቧዎችም እንደ ቤታችን ቧንቧ ጠባቂና ተመልካች የሚሹ ስለ ሆኑ፣ በዚህ ወር ጽሑፋችን ደም ወደ አንጎል ስለሚሄድባቸው ሥሮችና እነዚህ ሥሮች ሲጠቡ ስለሚመጣው ድንገተኛ ምት ለልደታ መምህራንና ለከተማው አንባቢዎች ልናስረዳ አሰብን። ጽሑፉ ጥቂት ቍጥርና ጥቂት የፊዚክስ ትምህርት የሚጠይቅ ነውና አንባቢ ሳይቸኩል እንዲከተለን እንለምናለን።

ሕመሙን ሕዝባችን በልዩ ልዩ ስም ይጠራዋል። አንዱ «መጋኛ መታው» ይላል፤ ሌላው ምች ነው ወይም ልክፍት ነው ይላል፤ የተማረው ደግሞ «ስትሮክ» የሚለውን የእንግሊዝ ቃል ይመርጣል። በሐኪሞች ዘንድ በአማርኛ የአንጎል ምት ይባላል። «ምት» የሚለው ቃል ከጥንቶቹ ግሪኮች ስም ጋር መገጣጠሙ የሚያስገርም ነው፤ እነርሱም አፖፕሌክሲያ ሲሉ ተመትቶ መውደቅ ማለታቸው ነበርና። ሁለቱም ሕዝቦች ያዩት አንድ ነገር ነው። ደኅና የነበረ ሰው ከመቅጽበት ወድቆ ግማሽ አካሉ ሲከዳው አዩ፤ መቺውን ግን አላዩም። መቺው ምን እንደ ሆነ ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር የተባለ የስዊስ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በዚህ ሕመም የሞቱትን ሰዎች ሬሳ ከፍቶ በመመርመር፣ ምክንያቱ በአንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም ወይም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም መታገድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1658 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ዛሬም ቢሆን ክፍፍሉ ይኸው ነው፤ ምት ወይ ከመዘጋት ወይ ከመፍሰስ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ በይበልጥ የምንከተለው መዘጋትን ነው።

የአንድ ጐልማሳ ሰው አንጎል ከአንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ ይህም ከጠቅላላው የአካል ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ነው። ነገር ግን ልብ ከሚረጨው ደም ከመቶ 15 እጅ፣ አካል ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን ደግሞ ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚወስደው ይህ ትንሽ ክፍል ነው። በየደቂቃው ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል። ጡንቻ ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ ጥቂት ያስቀምጣል፤ አንጎል ግን ጎተራ የለውም፤ እንደ ቀን ሠራተኛ የዕለቱን ለዕለቱ ይበላል። ደም ፈጽሞ ቢቋረጥበት በ10 ሰከንድ ገደማ ሰውየው ራሱን ይስታል፤ መቋረጡ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢቆይ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል።

ሐኪሞች ይህን ነገር በመጠን ለክተውታል። አንድ መቶ ግራም የአንጎል ሥጋ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል። መጠኑ ወደ 20 ሲወርድ የአንጎሉ ክፍል ሥራውን ያቆማል፤ እጅ የሚያዝዘው ክፍል ከሆነ እጅ ይዝላል፣ ንግግር የሚያዝዘው ከሆነ ምላስ ይተሳሰራል። ይሁን እንጂ ክፍሉ ገና አልሞተም። ሞት የሚመጣው መጠኑ ከ10 በታች ሲወርድ፣ ወይም በመካከለኛው መጠን ላይ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ነው። እንግዲህ ከ20 እስከ 10 ባለው ስፍራ ላይ፣ ሥራውን ያቆመ ነገር ግን በሕይወት ያለ የአንጎል ክፍል አለ ማለት ነው። የመብራት ኃይል ሲዳከም አምፖሉ ደብዝዞ ይጠፋል እንጂ አልተሰበረም፤ ኃይሉ በጊዜው ከተመለሰ ይበራል። የሐኪሞች ጥድፊያ ሁሉ ለዚህ ክፍል ነው። አንድ ትልቅ ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳይደረግ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሳት እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ስሌት ያስረዳል።

ደም ከልብ ወደ አካል የሚወስዱት ሥሮች በትምህርት ቤት ደም ቅዳ ይባላሉ። ወደ አንጎል የሚወጡት ዋና ዋና ደም ቅዳዎች አራት ናቸው። ሁለቱ በአንገት ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ይወጣሉ፤ አንባቢ ጣቱን ከመንጋጋው በታች ቢያኖር ትርታቸውን ይሰማል። ሁለቱ ደግሞ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ተሸሽገው ከኋላ ይወጣሉ። አራቱም ከአንጎል ሥር ሲደርሱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ይህን ቀለበት እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 አጥርቶ ስለ ገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጥቅሙም አንደኛው መንገድ ቢዘጋ ደሙ በሌላው ዞሮ እንዲደርስ ነው። ምን ያደርጋል፤ ቀለበቱ በብዙ ሰዎች ላይ ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ አንዱ ማያያዣ ቀጥኖ ወይም ፈጽሞ ጠፍቶ ይታያል። ስለዚህም ያው አንድ ዓይነት መዘጋት አንዱን ሰው ሳያውቀው ሲያልፈው ሌላውን ይጥለዋል።

ሥሩ የሚጠበው እንዴት ነው? ጤናማ ደም ቅዳ ውስጡ እንደ ሐር የለሰለሰ ነው። የደም ግፊት ለብዙ ዓመታት ሲደበድበው፣ የትንባሆ ጢስ ሲያቈስለው፣ ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ፣ ኮሌስትሮል የተባለው ስብ በተቈጣው ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይከማቻል። ከጊዜ ብዛት በላዩ ላይ ጠባሳና ኖራ መሰል ነገር ይጨመርበታል። ይህ ሥራ በወር ወይም በዓመት የሚፈጸም አይደለም፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈጃል፤ በዚያም ጊዜ ሁሉ አንዳች የሕመም ስሜት አይሰጥም። በአውሮፓውያን ላይ መጥበቡ በብዛት የሚገኘው በአንገት ላይ ሲሆን፣ በአፍሪካና በእስያ ሰዎች ላይ ግን በራስ ቅል ውስጥ ባሉት ሥሮች ላይ የሚደርሰው ይበዛል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንምጣ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ዣን ፑዋዘይ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ፈሳሽ በቀጭን ቧንቧ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ሲመረምር አንድ ታላቅ ሕግ አገኘ። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ የግፊቱ መጠንና የቧንቧው ርዝመት ሳይለወጥ የቧንቧው ውስጣዊ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ አይቀንስም፤ በአራተኛም አይቀንስም፤ ወደ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል እንጂ። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ አያምኑም፤ እኛም አለማመናቸውን እንወድደዋለን፤ ምክንያቱም በክፍል ውስጥ ሊፈተን የሚችል ነገር ነው። መምህሩ እኩል ርዝመት ያላቸው፣ የአንዱ ውስጣዊ ስፋት የሌላውን እጥፍ የሆነ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ይፈልግ። ከአንድ ዕቃ፣ ከአንድ ከፍታ ላይ የምግብ ዘይት በሁለቱም እያሳለፈ አንዲት ስኒ እስክትሞላ ድረስ ያለውን ጊዜ ይለካ። ውሃ ሳይሆን ዘይት ያልነው ውሃ በሰፊው ቱቦ ውስጥ እየተናወጠ ሕጉን ስለሚያበላሽ ነው። ቍጥሩ በትክክል 16 ላይወጣ ይችላል፤ ከ2 ግን እጅግ የራቀ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ከሆነ የአንገቱ ሥር በግማሽ የጠበበበት ሰው ወዲያው ስለ ምን አይወድቅም? ሦስት ምክንያት አለ። የጠበበው ስፍራ አጭር ነው፤ ቱቦው በሙሉ አይደለም። ከዚያም ወዲያ ያሉት ትንንሽ ሥሮች የደሙን መቀነስ ሲያውቁ ራሳቸውን ከፍተው መንገዱን ያቀልላሉ። ደግሞም ቀለበቱ ከሌላ በኩል ይረዳል። በዚህ ዘዴ አካላችን የደሙን መጠን ሳያጎድል ብዙ ይታገሣል፤ የሥሩ ስፋት ከመቶ 70 እጅ ያህል እስኪጠብ ድረስ አጠቃላዩ ፍሰት እምብዛም አይለወጥም። ትንንሾቹ ሥሮች እስከ መጨረሻው ከተከፈቱ በኋላ ግን ሌላ የሚከፍቱት የላቸውም። ከዚያ ወዲያ የደሙ መጠን የሚወሰነው በግፊቱ ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት የልደታ የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ ከማንም የቀረበ ነው። የመሥመሩ ውሃ ሲዳከም መጀመሪያ የሚደርቀው የማን ቧንቧ ነው? የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ባልዲውን ይዞ ሲወርድ የምድር ቤቱ ሰው ገና ልብሱን ያጥባል። በአንጎልም ውስጥ በሁለት ታላላቅ ሥሮች ዳርቻ መካከል የሚገኝ፣ ደም ከሁሉ በኋላ የሚደርሰው ሥጋ አለ፤ ግፊት ሲወርድ ፊተኛ የሚራበው እርሱ ነው። ሥሮቹ የጠበቡበት ሰው በብርቱ ተቅማጥ ውሃው ቢያልቅ፣ ወይም «ትናንት ረስቼዋለሁ» ብሎ የሁለት ቀን የግፊት ክኒን በአንድ ጊዜ ቢውጥ፣ ግፊቱ ባንድ ጊዜ ወርዶ ይህ ሥጋ ሊጎዳ ይችላል። ግፊት እንዲወርድ እንፈልጋለን፤ ነገር ግን በሐኪም ልክ፣ ቀስ በቀስ።

ሌላም የሚደነቅ ነገር አለ። በጠበበው ስፍራ ላይ ደሙ የሚዘገይ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ወንዙ በድንጋይ መካከል ተጨንቆ ሲያልፍ እንዴት እንደሚወረወር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የሥሩ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የመተላለፊያው አፍ አራተኛ ይሆናል፤ ያው የደም መጠን ለማለፍ በአራት እጥፍ መፍጠን አለበት። ሐኪሞችም ይህን መፍጠን መሣሪያ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሩነ ኦስሊድ የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ ከጆሮ ከፍ ብሎ በሚገኘው ስስ አጥንት በኩል ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ አንጎል በመላክ የደሙን ፍጥነት መለካት እንደሚቻል አሳየ። ቢላዋም መርፌም ሳይነካው፣ በአንዱ ስፍራ ደሙ ከልኩ በላይ ሲሮጥ ከተገኘ እዚያ ጥበት እንዳለ ይታወቃል።

መፍጠኑ ግን ጉዳት አለው። የሚወረወረው ደም የሻከረውን ግድግዳ ይፍቀዋል፤ ከጠባቡ ወዲያ ደግሞ ደሙ እየተሽከረከረ ይቆያል። በስቡ ላይ ያለው ሽፋን ሲቀደድ አካል ቍስል መስሎት ደም ያረጋበታል። ያ የረጋ ደም ወይ በዚያው ሥሩን ይዘጋል፤ ወይ ተቈርሶ ወደ ላይ ሄዶ ቀጭኑን ሥር ይወትፋል። ከአንገት ሥር የሚመጣው ምት አብዛኛው በዚህ መንገድ የሚመጣ እንጂ ከፍሰት ማነስ ብቻ አይደለም። ስለዚህም አንባቢ ጥበትን ሲያስብ የደለል ነገርን ብቻ ሳይሆን የናዳንም ነገር ያስብ።

ሕመሙ ታላቅና ታናሽን እንደማይለይ ከታሪክ እንመልከት። የሩሲያው መሪ ሌኒን በግንቦት 1922 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ምት ተመታ፤ ከዚያም እየተደጋገመበት ንግግሩን አጥቶ በጥር 1924 በ53 ዓመቱ ሞተ። ሬሳውን የመረመሩ ሐኪሞች የአንጎሉ ሥሮች ኖራ ለብሰው ደንድነው፣ በብረት መቈንጠጫ ሲነኳቸው እንደ ድንጋይ ድምፅ ሲሰጡ አገኟቸው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደግሞ በየካቲት 1937 ዓ.ም. በግብፅ መራራ ሐይቅ በጦር መርከብ ላይ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀብለው ባነጋገሩ በሁለት ወር ውስጥ፣ በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ ሞቱ። በዚያች ቀን የተለካው ግፊታቸው 300 በ190 ነበር። የግፊታቸው መብዛት ከዚያ በፊት ታውቆ ሳለ፣ በጊዜው ደኅና መድኃኒት ስላልነበረ ሐኪሞቻቸው ብዙ ሊረዷቸው አልቻሉም። ዛሬ ያን ግፊት የሚያበርድ ክኒን በየጤና ጣቢያው የሚታዘዝ መሆኑን ስናስብ ዘመናችንን ልናመሰግን ይገባናል።

በእኛም አገር ከዚህ የከበደ ታሪክ አለ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመም እየተመላለሰ ያዳክማቸው ነበር። ለጸበልም ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደው ነበር። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ብርቱ ምት ደረሰባቸውና አካላቸውና አንደበታቸው ተያዘ። የዓድዋውን ጦር ያዘዘው ቃል ከዚያ በኋላ አልተሰማም። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ አራት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ኖሩ። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መርዝ ተሰጣቸው የሚል ወሬ ተነዛ፤ እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ተገልለው ማስታመም ብቻ ቀረላቸው፤ መኳንንቱ በሥልጣን ተሻኰቱ፤ ንጉሡ ሲያርፉም ሞታቸው ከሕዝብ ተሰወረ። አንዲት የአንጎል ሥር ስትታመም መንግሥት እንዴት እንደሚናወጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር አንሻም። ሕያው አንጎልን ከፍሎ የሚያሳየው የራጅ መሣሪያ፣ ሲቲ ስካን የምንለው፣ በሰው ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሆነ፣ በዚያ ዘመን ምቱ ከመዘጋት ይሁን ከመፍሰስ የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ለመርዝ ወሬ በሩን የከፈተው አንዱ ይህ ይመስለናል፤ ሰው ምክንያቱን ካላየ ጠላት ይፈልጋልና።

ስለ ደም ግፊት ጥቂት እንበል። ሕዝቡ «ደም ብዛት» ይለዋል፤ ከዚህ ስም የተነሣ ደም በርክቶብኛል ብሎ ዋግምት የሚያስነቅል ወይም ሥጋ ስላልበላሁ ደሜ ሊበዛ አይችልም የሚል ሰው አይጠፋም። የበዛው ግን ደሙ አይደለም፤ ደሙ ግድግዳውን የሚገፋበት ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላው ኢትዮጵያ ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኝቷል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም ነበር። ተደጋግሞ ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለመለካት የሚሄድ ሰው ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፣ ትንባሆም አያጭስ፤ አምስት ደቂቃ ጀርባውን ተደግፎ ይቀመጥ፤ ክንዱንም በልቡ ትይዩ ያሳርፍ። ደረጃ ወጥቶ እየተነፈሰ የተለካ ግፊት እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም እንዲያንስ የዓለም ጤና ድርጅት ያዝዛል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። እዚህ ላይ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ጨው፣ ወጡ ላይ የሚጨመረውን፣ ገበታ ላይ የሚነሰነሰውን አንድነት መቍጠር ነው። የሠፈራችን ስም የወጣበት የግንቦት ልደታ በዓል በመጣ ቍጥር በየደጁ የሚቀቀለው ንፍሮ፣ ባቄላውና ሽምብራው፣ ስብ የሌለበት፣ ለደም ሥር የተስማማ ምግብ ነው፤ ጨው ካላበዙበት በዓሉን ባይጠብቁለት እንወድዳለን። ጫት ግፊትንና የልብ ትርታን ከፍ ያደርጋል፤ አረቄም እንዲሁ። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው መብላትን አንከለክልም፤ ክኒኑን ጥሎ በእነርሱ መተማመን ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። ግፊቱ ወርዶ የተገኘው ክኒኑ ስለ ሠራ ነው እንጂ ሕመሙ ስለ ጠፋ አይደለም።

«ቧንቧው ከጠበበ ለምን አይከፍቱልኝም?» የሚል ጥያቄ ከአንባቢ ይመጣል። መልሱ እንደ ስፍራው ይለያያል። የአንገቱ ሥር ከመቶ 70 እጅና ከዚያ በላይ ጠቦ፣ ሰውየውም አስቀድሞ ቀላል ምት ደርሶበት ከሆነ፣ ሥሩን ከፍቶ ስቡን ማውጣት እጅግ ይጠቅማል። በሰሜን አሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው ፈተና መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶው 26 ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ወገን ምት ሲደርስባቸው፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ግን 9 ብቻ ናቸው። በዚህ የተደሰቱ ሐኪሞች በራስ ቅል ውስጥ የጠበቡትንም ሥሮች በሽቦ ወንፊት ለመክፈት ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲወጣ ሁሉም ደነገጠ፤ በሽቦ ከተከፈተላቸው ከመቶው 15 ያህሉ በአንድ ወር ውስጥ ምት ወይም ሞት ሲደርስባቸው፣ ብርቱ የመድኃኒት ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ግን 6 ያህሉ ናቸው። እንግዲህ በእኛ ሕዝብ ላይ ለሚበዛው ለውስጠኛው ጥበት ዋናው ሕክምና ግፊትን ማውረድ፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት፣ ትንባሆን መተውና መንቀሳቀስ ነው። እነዚህ በሚያብረቀርቅ መሣሪያ የሚሠሩ ስላልሆኑ ሰው ይንቃቸዋል፤ ቍጥሩ ግን ከእነርሱ ጋር ነው።

መምህራን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው አንድ ሌላ ነገር አለ። ምት የሽማግሌ ሕመም ብቻ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ቍስል ሳይታከም ሲቀር፣ ተከትሎት የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት የልብን መዝጊያ ያበላሻል፤ በተበላሸው መዝጊያ አጠገብ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ገና በወጣትነት ሽባ ያደርጋል። ጉሮሮው የሚያመውንና የሚያተኩሰውን ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ የላከ መምህር፣ በፔኒሲሊን ዋጋ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ምት አስቀርቶ ይሆናል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስቸኩለው እንመጣለን። እንበልና አንድ መምህር በሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ቢል ጣቶቹ እንቢ አሉ፤ ተማሪዎቹን ሊናገር ቢል ቃሉ ተንተባተበ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁሉም ተመለሰለት። ደክሞኝ ነው አለ፤ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ወደ ቤቱም ሄደ። ይህ ሰው የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን ከማንም ይልቅ በአደጋ ላይ ያለው እርሱ ነው። ቁራሽ የረጋ ደም መጥቶ ዘግቶ ሟሟ፤ የመጣበት ስፍራ ግን ክፍት ቍስል እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለ አላፊ ምት ደርሶባቸው ሕክምና ካላገኙ ሰዎች ከመቶው 10 ያህሉ በሦስት ወር ውስጥ ሙሉ ምት እንደሚደርስባቸው ጥናት አሳይቷል፤ ከእነዚህም ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ ነው። ስለዚህ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባው ነበር። ነገ የሚባል ቀጠሮ ለዚህ ሕመም አይሰጥም።

ምልክቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሰውየውን ፈገግ በል በሉት፤ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ይጣመማልን? ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ክንዶች ይዘርጋ፤ አንደኛው ይወርዳልን? አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ይድገም፤ ይንተባተባልን ወይስ ቃል ያቀያይራል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ ወደ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። እስኪመጣ ድረስ በጎኑ አስተኙት እንጂ ውሃም ቡናም አትስጡት፤ መዋጥ ስለሚከለከል ወደ ሳንባው ይገባል። የክብሪት ጢስ ማሽተት፣ ጣት በመርፌ መውጋት፣ አካሉን በቅባት ማሸት ጊዜ ማባከን ነው። አስፒሪንም ከቤት አትስጡት፤ ምቱ ከመፍሰስ የመጣ እንደ ሆነ ደሙን ያብሰዋልና። የግፊት ክኒንም ጨምራችሁ አታውጡት። ጸበል የሚወድ ቤተ ሰብ ጸሎቱን አያቋርጥ፤ ነገር ግን መጀመሪያ መኪናው ይሂድ።

በልደታ የሚኖር ሰው ለዚህ ነገር ከብዙ ኢትዮጵያውያን ይልቅ ዕድለኛ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የነርቭ ሐኪሞችን በልዩ ትምህርት ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያ ነው። የመንገዱ ቅርበት ግን የሚጠቅመው ቤተ ሰቡ ሳይመካከር የማያድር ከሆነ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምቱ ከጀመረ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያውም ሲቲ ስካን ተነሥቶ ደም አለመፍሰሱ ከታወቀ በኋላ፤ መድኃኒቱም በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም።

ስለዚህ ሐኪሙ ፊተኛ የሚጠይቀው «ደኅና ሆኖ የታየው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?» ብሎ ነው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ተመትቶ የተገኘ ሰው ሰዓቱ የሚቈጠረው ከነቃበት ሳይሆን ደኅና ሆኖ ከተኛበት ነው። ሰዓቱን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ስትጽፉም በየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ አብራችሁ አመልክቱ፤ እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለውን የሆስፒታሉ መዝገብ 8 ሰዓት ብሎ ይጽፈዋልና፣ በስድስት ሰዓት ልዩነት የተነሣ መድኃኒት የሚገባው ሰው ጊዜው አልፎበታል ተብሎ እንዳይቀር። የሚውጣቸውንም ክኒኖች ሁሉ ከነማሸጊያቸው በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለበት፤ ሐኪሙ ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚጠይቀው እርሱን ነው።